ታሪክን በመስኮት ማየት፦ የአንኮበርና የአሊዩ አምባ ጉብኝት በሒስ ዐይን

ለተውኔት፣ ለልብ ወለድ፣ ለሥዕልና ለሙዚቃ ሒስ መጻፍ የተለመደ ነው። ስለ ታሪክ ጉብኝት ግን እምብዛም አይጻፍም። ምክንያቱ ጉብኝት ከኪነ ጥበብ ይልቅ ከመዝናኛና ከንግድ ጋር ስለሚቈጠር ይመስላል። ነገር ግን ጠጋ ብሎ ለመረመረው የአንድ ቀን የታሪክ ጉዞ የራሱ ቅንብር ያለው ሥራ ነው። መነሻና መድረሻ አለው፤ የሚቆምባቸውና ሳይቆም የሚያልፋቸው ቦታዎች አሉት፤ አስጐብኚው ተራኪ፣ መልክዓ ምድሩ መድረክ ነው፤ ጥቂቶች ባለታሪክ ሆነው ይቀርባሉ፣ ብዙዎች ከመጋረጃው በስተጀርባ ይቀራሉ። ተመልካቹም ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ከመጽሐፍ ካነበበው ይልቅ በዐይኑ ያየውን አምኖ ይመለሳል። ስለዚህ አንድ ጉዞ ምን አሳየ፣ ምንስ ሸፈነ ብሎ መጠየቅ የሒስ ተገቢ ተግባር ነው። ጉዞው ጦርነት የተካሄደባቸውን ቦታዎች ለወጣቱ ትውልድ የሚያሳይ ሲሆን ደግሞ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል።

ይህ ጽሑፍ በሰሜን ሸዋ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ሲደረግ የቆየውን የአንድ ቀን ጉብኝት ይመዝናል። የጽሑፉም ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ ጉዞው ከቤተ መንግሥቱ ተረተር ጀምሮ እዚያው ተረተር ላይ ስለሚያበቃ፣ ከግርጌው የሚገኘውን አሊዩ አምባን የመልክዓ ምድር ጌጥ ብቻ ያደርገዋል። የተረተሩ መንግሥትና የተረተሩ ጦርነት ግን ያለ አሊዩ አምባ ገበያ ሊተረክ አይችልም።

ባቡርና የታሪክ ትዕይንት

ደርሶ መልስ የሆነ የሕዝብ ሽርሽር በዓለም ላይ የተስፋፋው በአመዛኙ ከባቡር ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1841 ቶማስ ኩክ የተባለ እንግሊዛዊ 500 ያህል ሰዎችን ለፀረ መጠጥ ስብሰባ ከሌስተር ወደ ላፍቦሮ በባቡር ወስዶ በዚያው ቀን መለሳቸው። ይህ ጉዞ የዘመናዊ የጉብኝት ሥራ ጅማሬ ተደርጎ ይቈጠራል። ከዚያ ወዲህ የባቡር መስኮት የሰውን አስተያየት ለወጠው። በመስኮት የሚያይ ሰው ብዙ አገር በጥቂት ሰዓት ያያል፤ ሆኖም የሚያየው ሐዲዱ ያለፈበትን ብቻ ነው፤ የሚያየውንም አይነካውም፣ አያነጋግረውም።

ከእንደዚህ ዓይነቶቹ ጉዞዎች ሁሉ እጅግ የታወቀው በታይላንድ አገር ከባንኮክ ወደ ካንቻናቡሪ የሚደረገው ነው። መንገዱ ከወንዝ ዳር ከገደል ጋር ተጣብቆ በእንጨት ድልድይ ላይ ያልፋል፤ ውበቱ ያፈዝዛል። ሐዲዱ ግን የሞት ሐዲድ ይባላል። የጃፓን ጦር እ.ኤ.አ. በ1942 እና በ1943 ታይላንድን ከበርማ ለማገናኘት የሠራው፣ 415 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መሥመር ነው። በግንባታው ከ60 ሺህ በላይ የጦር ምርኮኞች በግዴታ የሠሩ ሲሆን ከ12 ሺህ የሚበልጡት ሞተዋል። በከተማው መካነ መቃብር ወደ 7 ሺህ የሚጠጉት እያንዳንዳቸው በየስማቸው አርፈዋል። ከእነርሱ ጋር የሠሩት የማላያ፣ የበርማና የጃቫ የቀን ሠራተኞች ግን በአስር ሺዎች የሚቈጠሩ ሆነው አልቀው ሳለ፣ አብዛኞቹ ስም የተጻፈበት መቃብር የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1957 ዓለምን የዞረው ፊልምም ስለ ምርኮኞቹ እንጂ ስለ እነርሱ አልተናገረም። ተጓዡ በመስኮቱ ድልድዩን ያያል፤ የተቀበሩትን በከፊል ያስባል፤ ያልተቀበሩትን ፈጽሞ አያገኛቸውም። ጉድለቱ የባቡሩ አይደለም፤ የትረካው ነው።

የእኛም የባቡር ታሪክ ከጦርነት ታሪክ ተነጥሎ አይታይም። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፈቀዱት ሥራ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ፤ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር የወጡት በዚሁ ሐዲድ ነው፤ ከሦስት ቀን በኋላም የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ከለገሀር ፊት ለፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በወረራው ዘመን ተነቅሎ ወደ ሮማ ተወሰደ፤ በዚያም ከተርሚኒ የባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ በዶጋሊ ለወደቁት የጣሊያን ወታደሮች ከቆመው ሐውልት ሥር የድል ምርኮ ሆኖ ተቀመጠ። በኋላ ተመልሶ በቦታው ቆመ። አንድ የጥበብ ሥራ ከአንዱ የባቡር ጣቢያ ወደ ሌላው የባቡር ጣቢያ ተማርኮ መሄዱን የሚያውቅ ሰው በለገሀር አደባባይ ሲያልፍ ዝም ብሎ አያልፍም። ጥሩ የታሪክ ጉብኝት የሚሠራውም ይህንኑ ነው፤ የቆመውን ነገር ያለፈበትን መንገድ እንድናይ ያደርገናል።

ባቡር ያልደረሰበት ተረተር

አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የደጋው ምድር በድንገት ተቈርጦ ወደ ቆላው በሚወርድበት ጠርዝ ላይ ትገኛለች። ወደዚያ የሄደ ባቡር የለም። ጉዞው በአውቶቡስ ወይም በመኪና ነው፤ ይሁን እንጂ በአሠራሩ ከባቡር ጉዞ አይለይም። በተለመደው አካሄድ እንግዳው ጠዋት ከአዲስ አበባ ወይም ከደብረ ብርሃን ይነሣል፤ ቀዝቃዛውን የገብስ አገር ያቋርጣል፤ ከቀትር በፊት ተረተሩ ላይ ይደርሳል። የአሮጌውን ቤተ መንግሥት የግንብ ፍርስራሽ ያያል፤ በዚያው ጉብታ ላይ በቤተ መንግሥቱ አምሳል በተሠራው የእንግዳ ማረፊያ ይመገባል፤ የነገሥታቱ ስም በተርታ ይነገረዋል። ከዚያም ወደ ምሥራቅ ዞሮ እርከን በእርከን የሚወርደውን ሸንተረር፣ ከዚያም ወዲያ በጭጋግ የሚጠፋውን የአዋሽን ቆላ እየተመለከተ ፎቶግራፍ ይነሣል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመለሳል።

ይህ ጉዞ ዋጋ የለውም አይባልም። ተማሪን ከመማሪያ ክፍል አውጥቶ ከአፈርና ከድንጋይ ጋር ማገናኘት ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ጠርዝ ላይ የሚታየውም ትዕይንት በእውነት ድንቅ ነው። ችግሩ ትዕይንቱ የንግግሩ ማብቂያ መሆኑ ላይ ነው። አስጐብኚው እጁን ዘርግቶ «ያ የምታዩት አሊዩ አምባ ነው» ካለ በኋላ ዝም ሲል፣ አንድ ከተማ ወደ ሥዕል ዳራነት ይለወጣል። ያ ዳራ ግን የሸዋ ነገሥታት ጠመንጃቸውን፣ ጨዋቸውንና ወሬያቸውን የተቀበሉበት በር ነበር።

ስሙ ራሱ የሚናገረው አለ። አሊዩ የእስላም ስም ነው፤ አምባ የደገኛው ቃል ነው። ሁለቱ ተጣምረው አንድ ቦታ ሆነዋል። አካባቢው በመካከለኛው ዘመን የኢፋት ሡልጣኔት ምድር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1332 የተካሄደው የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመቻም በዚህ በኩል ያለውን አገር ነካክቷል። ስለዚህ የአንኮበርን የጦርነት ታሪክ ከቤተ መንግሥቱ ግንብ የሚጀምር ትረካ አምስት መቶ ዓመት ዘግይቶ የሚጀምር ትረካ ነው።

ሁለት መጻሕፍት፣ ሁለት ዐይኖች

ቶማስ ኩክ የመጀመሪያዎቹን ተሳፋሪዎች ባሳፈረበት በዚያው በ1841 እ.ኤ.አ. ክረምት ከታጁራ የተነሣ ሌላ ጉዞ ወደ ሸዋ ይወጣ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ የነበረው ካፒቴን ኮርንዋሊስ ሐሪስ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጠመንጃና መድፍ በእጅ መንሻነት ይዞ በአፋር በረሃ በኩል መጣ። በኅዳር 1834 ዓ.ም. የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ከእርሱ ቀደም ብሎ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር በ1839 እ.ኤ.አ. መጥቶ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1842፣ ደግሞ ቻርልስ ጆንስተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በዚያው መንገድ መጣ፤ ታሞም በአሊዩ አምባ ሰነበተ።

የሐሪስና የጆንስተን መጻሕፍት በአንድ ዓመት፣ በ1844 እ.ኤ.አ. ታተሙ። ስለ አንድ አገርና ስለ አንድ ዘመን የተጻፉ ቢሆኑም ሁለት የተለያዩ ዐይኖች ናቸው። የሐሪስ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ በግርማ የተሞላ ነው፤ ቃላቱ ያጌጡ፣ ተራሮቹ የተጋነኑ፣ የአደባባይ ሥርዐቱ እንደ ቴያትር የተሰናዳ ነው። በዘመኑ የነበሩ አንባቢዎች ሳይቀሩ ጌጡ በዝቷል ብለው ተችተውታል። ጆንስተን ግን በገበያ ከተማ ውስጥ የተቀመጠ ሕመምተኛ ነበር። ስለ ቤት አሠራር፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ገበያና ስለ ዋጋ፣ ስለ በሽታና ስለ መድኃኒት ይጽፋል። እርሱም ከዘመኑ የአውሮፓውያን ንቀት ነጻ አይደለም። ነገር ግን ጎረቤት ስለነበረው፣ የሚጽፈው ሰው ፊት አለው። ሐሪስ ከተረተሩ ላይ አየ፤ ጆንስተን ከቤት ውስጥ ሰማ። የዛሬው የአንኮበር ጉብኝት፣ የሐሪስን መጽሐፍ ያላነበበ እንኳ ቢሆን፣ የሐሪስ ልጅ ነው። ጆንስተንን የሚመስል ጉብኝት ገና አልተዘጋጀም።

የጆንስተን ዐይን ያየው ገበያ ምን ነበር? ከታጁራ የሚነሡ ቅፍለቶች የአፋርን በረሃ አቋርጠው፣ ከአሳል ሐይቅ የተጫነውን ጨውና ከባሕር ማዶ የመጣውን ጨርቅ፣ ዶቃና ብረታ ብረት ይዘው ይወጡ ነበር። ከደጋው ደግሞ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና እህል ይወርድ ነበር። የአርጎባና የአፋር ነጋዴዎች፣ የሐረር ሰዎችና የሸዋ ገበሬዎች በአንድ ገበያ ይገናኙ ነበር፤ ማርትሬዛ ብርና አሞሌ ጨው ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር። ለክርስቲያኑ ንጉሥ ቀረጥ የሚያስገባለት የእስላም ከተማ ነበር። በመካከላቸው የነበረው ግንኙነት በፍቅር ብቻ ወይም በጠብ ብቻ ሊገለጽ አይችልም፤ እርስ በርስ የመፈላለግ ግንኙነት ነበር። የሸዋ መንግሥት ባሕር አልነበረውም፤ ወደ ባሕር የሚያወጣው በር ይህ ገበያ ነበር።

ሌላም ሸቀጥ ነበር። በአሊዩ አምባ አጠገብ አብዱል ረሱል በተባለው ቦታ ሰው ይሸጥ ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ የተማረኩ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በዚያ በኩል ወደ ታጁራና ወደ ባሕር ማዶ ይነዱ ነበር። ብዙዎቹ የዘመቻ ምርኮኞች ናቸው። እንግዲህ የጦርነት ታሪክ እናሳያለን የምንል ከሆነ፣ ጦርነት በመጀመሪያ የሚያፈራው ምርኮኛን ነውና፣ ምርኮኛው የተሸጠበትን ቦታ መዝለል አንችልም። በካንቻናቡሪ ስም የለሽ ሆነው የቀሩት ሠራተኞችና በአብዱል ረሱል ስም የለሽ ሆነው የተነዱት ሰዎች በዚህ ረገድ አንድ ናቸው፤ ውብ መልክዓ ምድር ሁለቱንም ሸፍኗቸዋል። ይህንን ለተማሪ መንገር የነገሥታቱን ሥራ ማንኳሰስ አይደለም። መንግሥት በምን እንደሚቆም ማስረዳት ነው። ነገሩን መደበቅ ግን የተነዱትን ሰዎች ሁለተኛ ጊዜ መሸጥ ይሆናል።

ከልጥ ማረፊያ እስከ ዘረት

የጠመንጃው መንገድ በዚያ አላቆመም። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ከያዙ በኋላ፣ የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር መልእክተኞች በማርኪዝ ኦራትዚዮ አንቲኖሪ መሪነት መጥተው ከአንኮበር አቅራቢያ በልጥ ማረፊያ የምርምር ሰፈር ተሰጣቸው። ሥራቸው ወፍና ዕፅ መሰብሰብ፣ አየር መለካት፣ ካርታ ማንሣት ነበር። አንቲኖሪ በ1874 ዓ.ም. በዚያው ሞቶ በዚያው ተቀበረ። ሰፈሩ ግን የሳይንስ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በኋላ የመጣው ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ የጦር መሣሪያ የሚያቀርብና ውል የሚዋዋል ሰው ሆነ። በግንቦት 1875 ዓ.ም. በአንኮበር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ያው አንቶኔሊ በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. የውጫሌን ውል አስፈረመ፤ የውሉ 17ኛ አንቀጽ በሁለቱ ቋንቋዎች መለያየቱ ወደ ዐድዋ አደረሰ። እንግዲህ የዐድዋን ታሪክ የሚያስተምር መምህር፣ ነገሩ የተጸነሰበትን ሰፈር ከአንኮበር ብዙም ሳይርቅ በእግሩ ሊያሳይ ይችላል ማለት ነው።

በየካቲት 1879 ዓ.ም. ደግሞ አርተር ራምቦ ከታጁራ የጫነውን ጠመንጃ ይዞ አንኮበር ደረሰ። በወጣትነቱ የፈረንሳይን ግጥም የለወጠው ሰው፣ በዚህ መንገድ ያለፈው በጠመንጃ ነጋዴነት ነበር። ንጉሡ በዚያን ጊዜ ወደ ሐረር ዘምተው ስለነበር በቦታው አላገኛቸውም። ለኪነ ጥበብ ሰው ይህ ታሪክ መነጋገሪያ ሊሆን ይገባዋል፤ ብዕር የጣለ እጅ ምን እንዳነሣ ያሳያልና።

ቀጥሎ የመጣው የፋሺስት ወረራ ዘመን ነው። በሰሜን ሸዋ የተደረገው ተጋድሎ በራስ አበበ አረጋይና በሌሎችም አርበኞች መሪነት እስከ 1933 ዓ.ም. ድል ድረስ አልተቋረጠም። ይህንን ተጋድሎ የሚያብራራው ከጠርዙ ላይ የሚታየው ያው መልክዓ ምድር ነው። ደጋው፣ ወይና ደጋውና ቆላው በአንድ ቀን የእግር መንገድ ውስጥ መገኘታቸው ለአርበኛው መሸሸጊያ፣ ስንቅና መውጫ በር ሰጥቶታል። ጠላት መንገዱን ሲይዝ ገደሉ የአርበኛው ነበር። ስንቅ የቋጠሩት፣ ወሬ ያደረሱት፣ ቁስለኛ የደበቁት ሴቶችና ገበሬዎች ባይኖሩ ኖሮ ግን ገደሉ ብቻውን ማንንም አያድንም ነበር። አስጐብኚ ወደ ሸንተረሩ ሲያመለክት «እንዴት ያምራል» ከሚል ይልቅ «በዚህ በኩል ስንቅ እንዴት ይወጣ ነበር» ብሎ ቢጠይቅ፣ ተማሪው መልክዓ ምድርን ማንበብ ይማራል።

የዚያ ዘመን ዋጋ የተከፈለባቸው ቦታዎች ሩቅ አይደሉም። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ከደብረ ሊባኖስ ገዳም የተወሰዱ ዲያቆናትና ወጣቶች በደብረ ብርሃን አጠገብ በእንገጫ ተረሽነዋል። ወደ አንኮበር የሚሄደው ጎብኚ ደብረ ብርሃን ላይ ቁርሱን ይበላል፤ የእንገጫ ስም ግን አይነሣለትም። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ደግሞ በመንዝ፣ በዘረት ዋሻ ውስጥ የተሸሸጉት የአርበኞች ቤተሰቦች፣ ቁስለኞችና ሽማግሌዎች በመርዝ ጋዝ ተጠቅተዋል፤ የተረፉት ወንዶችም ተረሽነዋል። የአካባቢው ሕዝብ ይህን መቼም አልረሳም። ከአገር ውጭ በስፋት የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ጣሊያናዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዮ ዶሚኒዮኒ ቦታውን ደርሶ ከጻፈበት በኋላ ነው። ዘረት በአንድ ቀን ጉዞ አትደረስም፤ ከአንኮበር ተረተር ላይ ግን ስሟ ሊጠራ ይችላል። ስም መጥራት ደግሞ ቤንዚን አይፈጅም።

በአጠገብ ያለፈው ሐዲድ

አሊዩ አምባ እንዴት ዝም አለች? መልሱ የባቡር ታሪክ ነው፤ የባቡር ብቻ ግን አይደለም። ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ሲይዙ የውጭ ንግዱ መንገድ ወደ ደቡብ ዞረ። የመንግሥቱ መቀመጫ ከአንኮበር ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሐዲዱ ድሬዳዋን መሥርቶ፣ አዋሽን ተሻግሮ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ግመል በብዙ ቀን የሚያደርሰውን ፉርጎ በጥቂት ቀን ያደርስ ጀመር። የአሊዩ አምባ ገበያ አልጠፋም፤ ነገር ግን የዓለም በር መሆኑ ቀርቶ የአካባቢ ገበያ ሆነ። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ከሆነች፣ አሊዩ አምባ ባቡር የዘነጋት እናት ናት። በትምህርት መጻሕፍታችን የባቡር ታሪክ የሚነገረው ሐዲዱ ስለ ሠራቸው ከተሞች ነው፤ ሐዲዱ ስለ ተዋቸው ከተሞች ግን ማን ይናገራል?

ጥያቄው ያለፈ ጥያቄ ብቻ አይደለም። የአዲስ አበባና የጅቡቲ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ወልድያና ሐራ ገበያ እንዲዘልቅ በ2007 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው ሌላ መሥመር ደግሞ ከአንኮበር ተረተር በስተምሥራቅ ያለውን ቆላ ይዞ ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ እርሱም በሰሜኑ ጦርነት ጉዳት ደርሶበታል። ከተረተሩ ግርጌ የሚያልፍ ሐዲድ አንድ ቀን ጎብኚ ይዞ ሲመጣ፣ በመስኮቱ በኩል ምን እንደሚነገረው ከአሁኑ ካልተዘጋጀን፣ የተለመደው ዝምታ በፈጣን ባቡር ይጓዛል ማለት ነው።

ከታች መጀመር

ሒስ ጉድለትን አሳይቶ የሚያበቃ ከሆነ ግማሽ ሥራ ነው። ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን፤ ጉዞው ይገልበጥ። ጎብኚው ከላይ ወደ ታች በዐይኑ መውረዱን ትቶ፣ ከታች ወደ ላይ በእግሩ ይውጣ። መጀመሪያ በመኪና ወደ አሊዩ አምባ ይውረድ። ገበያውን፣ መስጊዱንና ሠፈሩን ይይ፤ ከአካባቢው ሽማግሌዎች አፍ ይስማ፤ የአርጎባን የሽመና ሥራ ይመልከት። ስለ ቅፍለቱ፣ ስለ ጨዉ፣ ስለ ጠመንጃውና ስለ ተነዱት ሰዎች በቦታው ይነገረው። ከዚያ ሽቅብ ሲወጣ፣ ተሸካሚና ምርኮኛ፣ መልእክተኛና ነጋዴ ያለፉበትን ዳገት በራሱ ጉልበት ያውቀዋል። ቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ላይ ሲደርስም፣ ነገሥታቱ ለምን ይህን ጠርዝ እንደ መረጡ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። ወደ ኋላው ዞሮ ትዕይንቱን ሲያይ የሚያየው ውብ ሥዕል ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ የመጣበትን መንገድ ያያል።

የሚነሡ ተቃውሞዎች አይጠፉም። ቀኑ አይበቃም ይባላል። በተረተሩ ላይ ለፎቶግራፍና ለምሳ የሚውለው ሰዓት ቢቀነስ ለመውረጃው ትልቅ ድርሻ ይሆናል፤ ካልበቃም ሁለት ቀን ይሁን፤ አንድ ቀን ሕግ አይደለም። የባርነት ወሬ ሰውን ያስቀይማል፣ ሕዝብን ከሕዝብ ያራርቃል ይባላል። ሕዝብን የሚያራርቀው በገደምዳሜ የሚወራ እንጂ በገሐድ፣ በማስረጃና በርኅራኄ የሚነገር ታሪክ አይደለም። ጎብኚ የሚፈልገው ውበት ነው ይባላል። ውበቱን ማን ነፈገው? የሚነገረው ሲጨመርበት ውበቱ ይከብዳል እንጂ አይቀንስም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የጊዜው ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የተካሄደው ግጭት በእነዚህ መንገዶች ላይ የነበረውን የጉብኝት ጉዞ አስተጓጉሎታል። ጥይት በሚሰማበት አገር ስለ ጉብኝት ቅንብር መጻፍ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ጦርነትን እንደ ውብ ተራራ ብቻ ያየ ተማሪ፣ ጦርነት ምን እንደሚያስከፍል አያውቅም። ስንቅ የቋጠረችውን ሴት፣ በገበያ የተሸጠውን ምርኮኛ፣ በዋሻ የታፈነውን ሽማግሌ ያወቀ ተማሪ ግን የጦርነትን ስም በቀላሉ አይጠራም። መንገዱ በሰላም ሲከፈት የቀደመውን ጉዞ እንዳለ መቀጠል አይገባም። እስከዚያው መምህራን ትረካውን ሊያርሙ፣ የሽማግሌዎችን ቃል በድምፅና በጽሑፍ ሊያኖሩ፣ ሠዓሊያን ከተረተሩ ላይ ብቻ የተሣለችውን አሊዩ አምባን ከገበያዋ መካከል ቆመው ሊሥሏት፣ ጸሐፌ ተውኔቶች የቅፍለቱን ሰዎች ወደ መድረክ ሊያወጡ ይችላሉ። የባህል ሠራተኞችም በአብዱል ረሱልና በእንገጫ ቢያንስ አንድ የተጻፈበት ድንጋይ እንዲቆም ሊያሳስቡ ይገባል።

አንኮበር ተረተር ላይ የቆመ ሰው አርቆ ያያል። አርቆ ማየት ጥሩ ነው፤ ከእግሩ ሥር ያለውን ከተማ ግን ወርዶ ካልጠየቀው አያውቀውም።